ያገለገለ የሆም ቲያትር አምፕሊፋየር ለምትፈልጉ፦ መርካቶ ላሉ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ የሆም ቲያትር አምፕሊፋየሮችን የሚጠግኑና የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ አልጽፈውም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አድራሻቸውን እልክለታለሁ። በዚህ ገበያ ገዢውን «ይሄን ተወው፣ አይሆንህም» የሚል ሻጭ ብርቅ ነው። እሳቸው ይላሉ፤ ለምን እንዳሉም ክዳኑን ፈተው ያሳያሉ። ምስጋናዬ ለዚህ ነው። አሠራራቸውን የምዘረዝረው ደግሞ ሌላ ቦታ የሚገዛ ሰውም እንዲጠቀምበት ነው።

ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዴኖን፣ ያማሃ ወይም ኦንክዮ ብዙውን ጊዜ «120 ቮልት 60 ኸርዝ» ይላል። ስፒናውን ብቻ ቀይረው 220 ላይ ከሰኩት፣ ዕድለኛ የሆነ ፊውዝ ይቀይራል፤ ያልሆነ ዕቃው ጠፍቶም ሳለ ኤሌክትሪክ የምትሰጠው ትንሿ የስታንድባይ ትራንስፎርመር ትቃጠልበትና ዕቃው ጭጭ ይላል። 230 ቮልት የተጻፈበት የአውሮፓ ዕቃ ወይም ጀርባው ላይ የቮልት መቀየሪያ ያለው ከተገኘ እፎይ ነው፤ መቀየሪያው የት ላይ እንዳለ ግን ከመሰካታችሁ በፊት እዩ። ባለ 120 የሚገዛ ሰው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግድ ያስፈልገዋል። የጋሼ ሕግ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት እጥፍ ማድረግ ነው፤ 500 ካለ 1000 ዋት። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላል መቀየሪያ እዚህ አይገባም። የኤሌክትሪኩን ሞገድ ቆራርጦ ስለሚያወርድ አምፕሊፋየሩን ያስጮኸዋል፣ ያግለዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። በእጅ ሲያነሱት የማይከብድ «1000 ዋት» ትራንስፎርመር ካያችሁም እለፉት።

ቀጥሎ የሚያደርጉትን ብዙ ሱቅ አያደርገውም። ዕቃውን በቀጥታ አይሰኩትም፤ የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገብተው ነው የሚያበሩት። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። የአውትፑት ትራንዚስተር (ድምፁን ወደ ስፒከር የሚገፋው ክፍል) ሾርት ካደረገ አምፖሉ ደምቆ ይቀራል፣ ሌላው ክፍል ግን አብሮ አይነድም። ክዳኑ ሲነሳ ፊውዙ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበት ከተገኘ ስለ ዋጋ ወሬ የለም፣ ዕቃው ይመለሳል። ያ ሽቦ አንድ ሰው ምክንያቱን ሳይፈልግ በግድ እንዳስነሳው ይመሰክራል። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችንም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ጣሳ መሰል ክፍሎች) በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ይፈልጋሉ።

ከዚያ ስፒከር ሳይታሰር፣ ድምፁን ዜሮ አድርገው፣ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አዙረው እያንዳንዱን የስፒከር መውጫ ይለካሉ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ደህና ነው። 100 ካለፈ ያ ቻናል (የዚያ ስፒከር መስመር) ሥራ ይፈልጋል። ሲበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ስፒከሮቹን የሚያገናኘው ማብሪያ፣ የሪሌው፣ «ቀጭ» መሰማት አለበት፤ ሳይሰማ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ዕቃው ራሱን እየተከላከለ ነው፣ ማለትም ብልሽት አለበት። «ሪሞቱ ስለሌለ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ደህና ዋል ብላችሁት ሂዱ። በመጨረሻ ሁሉንም ቻናል እያጫወቱ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይተዉታል፣ ገዢው ቁጭ ብሎ እያየ። ሻይም ያዝዛሉ።

የአንድ ሰዓቱ ነገር ለኦንክዮ በተለይ ያስፈልጋል። ከ2009 እስከ 2012 (በፈረንጆቹ) የወጡ ብዙ ሞዴሎቹ፣ ለምሳሌ ቲኤክስ-ኤንአር609፣ የኤችዲኤምአይ (ሥዕልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚያስተላልፈው መስመር) ቦርዳቸው ላይ ያለ ቺፕ ችግር አለባቸው። ኩባንያው ራሱ ለተወሰኑት ዋስትናውን እስከ 2018 (በፈረንጆቹ) መጨረሻ አራዝሞ በነፃ ይጠግን ነበር። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሲበራ ድምፅ አለ፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ቺፑን በሙቅ አየር ቢያሞቁት ለጊዜው ይነሳል፣ ብልጣ ብልጥ ሻጭም የሚሸጠው በዚያው ጊዜ ነው። ጋሼ ይህን ሥራ አልሠራም ይላሉ። ሌላ ጤነኛ ቦርድ ከተገኘ ይቀይራሉ፤ ካልተገኘ አይሸጡትም።

ዕድሜው የገፋ አምፕሊፋየር 4ኬ (በጣም ጥራት ያለው የአዲስ ቲቪ) ሥዕል ያሳልፋል ብላችሁ አትጠብቁ። 4ኬን በሙሉ የሚያሳልፈው ኤችዲኤምአይ 2.0 የመጣው በ2013 (በፈረንጆቹ) ነው፤ ድምፅን ከቲቪ መልሶ የሚያመጣው ኤአርሲም የመጣው በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው። ይህ ግን ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም፣ የምትከፍሉት ለማጉያው ነውና። ሥዕሉ ከማጫወቻው በቀጥታ ወደ ቲቪ ይግባ፣ ድምፁ ብቻ ከቲቪው በኦፕቲካል ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሂድ። ኦፕቲካል ዶልቢ ዲጂታል 5.1 እና ዲቲኤስ የሚባሉትን ባለ ብዙ ስፒከር የድምፅ ዓይነቶች ይሸከማል፤ ከነሱ የበለጠ ጥራት ያለውን ትሩኤችዲን ግን አይችልም። ቲቪው ላይ የዲጂታል ድምፅ መውጫው ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ላይ ከቀረ ስቴሪዮ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ቢትስትሪም (ድምፁን እንዳለ የሚልከው) ወይም ዶልቢ ዲጂታል አድርጉት። «የኋላ ስፒከሮቼ አይሠሩም» ተብሎ ወደሳቸው ከሚመጣው ውስጥ ይሄ በዚያው በስልክ ያልቃል፣ ገንዘብም አይጠይቁበትም። ዲሽ ላይ ያሉት የቲቪ ቻናሎች አብዛኞቹ ስቴሪዮ ስለሆኑ ለነሱ አምፕሊፋየሩ ላይ ስቴሪዮውን ለሁሉም ስፒከር የሚያከፋፍለውን ፕሮ ሎጂክ 2ን መምረጥ ይበቃል።

ስፒከር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዲቪዲው አብሮት የተሠራ የድሮ ሆም ቲያትር ተበላሽቶ ስፒከሮቹ ሲተርፉ «ከአምፕሊፋየር ጋር ላስራቸው» ይባላል። የነዚህ ስፒከሮች ጀርባ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) ይላል፣ አምፕሊፋየሮቹ ደግሞ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ኦም የሚፈልጉ ናቸው። ዝቅ ያለ ድምፅ ላይ ይሠራሉ፤ ሰርግ የመሰለ ድምፅ ሲጠየቅ አምፕሊፋየሩ ግሎ ይዘጋል። ቤዙም የራሱ ማጉያ ከሌለው የሳብ ውፈር መውጫው ላይ አይሠራም፣ እዚያ የሚወጣው ያልጎላ ሲግናል ነው። ጋሼ ስፒከር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጀርባውን አይተው አይሆንም ካሉ አይሆንም።

ሪሞትና የማስተካከያ ማይክ (ድምፁን ከክፍሉ ጋር ለማስማማት የሚለካው) አብረው መኖራቸውን ይጠይቁላችኋል። ያለ ሪሞት ብዙዎቹ ሜኑ ውስጥ አይገባም። የዴኖንና የኦንክዮ ኦዲሲ፣ የያማሃ ዋይፓኦ፣ የፓዮኒር ኤምካክ ማይኮች መሰኪያቸው ቢመሳሰልም አንዱን በሌላው መተካት ልኬቱን ያዛባል። ያማሃ ከሆነ ስትሬት የሚለውን ተጭነው ይዘው ፓወሩን በመጫን በሚከፈተው ሜኑ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱታል፤ የቀድሞው ባለቤት ያበላሸው ሁሉ ይጠፋል። የአሜሪካ ዕቃ ኤፍኤም ሬዲዮው የሚዘለው በ0.2 ነው፣ ጎዶሎ ቁጥር ላይ ብቻ ያርፋል፤ 97.1፣ 98.1 እና 102.1 ጎዶሎ ስለሆኑ ይያዛሉ።

አንድ ቅር የሚል ነገር ካለ ቀርፋፋ መሆናቸው ነው። ዕቃ ጥላችሁ ከሄዳችሁ በቀጠሮው ቀን ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ስትሄዱ ስፒከራችሁን፣ የቲቪውን ጀርባ ፎቶና የክፍላችሁን ስፋት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው። ገዝታችሁ ስትመለሱም ከላዩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉለት፤ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ዕቃ በኛ 50 ኸርዝ ይበልጥ ስለሚሞቅ በር ባለው ቡፌ ውስጥ አይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፣ ሲመጣም እስኪረጋ ጠብቃችሁ ሰኩት።