ያገለገለ ዲጂታል ፒያኖ ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ሰው አማክሩ

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለልጃችሁም ሆነ ለራሳችሁ ኪቦርድ ወይም ዲጂታል ፒያኖ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የምታማክሩትን ሰው ልጠቁማችሁ። በዚያውም በአደባባይ ላመስግናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ናቸው። በወጣትነታቸው ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ቤታቸው ሆነው ኪቦርድ፣ አምፕሊፋየርና ሚክሰር ይጠግናሉ። ራሳቸው የሚሸጡት ዕቃ የላቸውም። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይህን ወደድኩላቸው። የትኛውንም ብገዛ እሳቸው ኪስ የሚገባ ነገር የለም። ዕቃ ለመፈተሽ አብረዋችሁ ሲሄዱ ግን ያስከፍላሉ፤ ይገባቸዋልም።

ልጄ ፒያኖ እየተማረች ነው። ከኖታ ነው የምትማረው። አስተማሪዋ ጋ ትልቁ ፒያኖ አለ፤ ቤት የምትለማመድበት ግን አልነበራትም። ሱቅ ስንዞር የሚያሳዩን ሁሉ 61 ቁልፍ ያለው፣ ሪትሙና የድምፅ ዓይነቱ በመቶ የሚቆጠር ኪቦርድ ነው። ባለ 88 ቁልፉ ዲጂታል ፒያኖ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል፣ የድምፅ ዓይነቱ ግን አሥር ብቻ። ያነሰ ነገር ላለው እንዴት የበለጠ ይከፈላል ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው።

እሳቸው ስለ ዋጋ ከማውራታቸው በፊት ልጅቷ ምን እንደምትማር ጠየቁኝ። ስነግራቸው “እንግዲያው ብርሽ ቁልፉ ላይ ይዋል” አሉኝ። የዲጂታል ፒያኖ ቁልፍ ሥር እንደ መዶሻ የሚሠራ ክብደት አለ። ወፍራም ድምፅ በሚሰጠው በግራ በኩል ከበድ ይላል፣ ወደ ቀኝ እየቀለለ ይሄዳል፣ ልክ እንደ እውነተኛው ፒያኖ። ቀላል የፕላስቲክ ቁልፍ ብቻ የለመደ ጣት አስተማሪዋ ጋ ሲደርስ ይደክማል። የዋጋው ልዩነት የሚመጣውም ከዚያ ነው።

61 ቁልፉንም አልናቁትም። መዝሙር ለማጀብ ወይም ሠርግ ላይ ለመጫወት ቢሆን ኖሮ እሱኑ ግዢ እልሽ ነበር ብለውኛል፤ ሪትሙም፣ ዜማውን እንደ ዘፋኙ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፖዙም ለዚያ ሥራ ያስፈልጋል። ግን ቁልፉ የጣትን ጉልበት የሚለይ ይሁን። ካሲዮ ሲቲ ኤስ 200 እና ሲቲ ኤስ 300 ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። 300ው ጠንከር ስትሉ ይጠነክራል፣ ለስለስ ስትሉ ይለሰልሳል። 200ው ግን እንዴትም ብትመቱት ድምፁ አንድ ነው። ይህን የነገረኝ ሻጭ አልነበረም።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ከአሜሪካ ላምጣላችሁ ብላ ነበር። ጋሼ በሜትር አስለኩን። ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሲደመር 158 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይገድባሉ። ባለ 88 ቁልፉ ካሲዮ ሲዲፒ ኤስ 100 ከቀጫጭኖቹ አንዱ ነው፤ ያም ሆኖ ርዝመቱ ብቻ 132 ነው፣ ሲደመር ያለ ካርቶኑ 165 ይደርሳል። 61 ቁልፍ ቢሆን ይገባ ነበር። ስለዚህ እዚሁ ያገለገለ መፈለግ ጀመርን፤ ቴሌግራም ላይ ይኸው ሞዴል ተገኘ። ያማሃ ፒ 45 ም አይተን ነበር። እሱ በባትሪ አይሠራም፣ ካሲዮው ግን በስድስት ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ምስጋናዬ ጋ ደረስኩ። ጋሼ ሻጩ ቤት ድረስ አብረውኝ መጡ። ከግራ ጫፍ ጀምረው እያንዳንዱን ቁልፍ ቀስ ብለው ነኩ፣ ከዚያ እንደገና ጠንከር አድርገው። 88ቱንም! ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጎማ አለ፤ በውስጡ ቢያንስ ሁለት የካርቦን መንኪያዎች አሉ። አንዱ ቀድሞ ይነካል፣ ሌላው ይከተላል። መሣሪያው በመካከላቸው ካለው ቅጽበት ነው ጣታችሁ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ መውረዱን የሚያውቀው። አቧራ ወይም የፈሰሰ ሻይ ከገባበት ያ ቁልፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ይጮሃል፣ አለዚያም ዝም ይላል። እኛ ያየነው ላይ ሁለት ቁልፎች ይጮሁ ነበር። ጋሼ በአልኮል ሲጠረግ ይስተካከላል አሉ፤ ለሻጩም ሳይደብቁ አሳዩት። ዋጋው በዚያ ቀነሰልን፣ በኋላም እሳቸው ጠርገው አስተካከሉት።

ቀጥለው ድምፁን የሚያቆየውን ፔዳል ረግጠው በሁለት እጃቸው ከታች እስከ ላይ ተጫወቱ። ይህኛው 64 ኖታ ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ 32 ብቻ የሚይዙት ላይ አዲስ ሲጨመር የቀደመው ይቆረጣል። የባትሪውን ክዳን ከፍተው ዝገት እንደሌለ አዩ። የኢርፎን ቀዳዳውን ሞከሩ፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ኢርፎን ማለት የጎረቤት ሰላም ነው። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርገው በትዝታ ቅኝት ትንሽ ተጫወቱ፤ ስፒከሩ መንጨርጨሩን የሚያዳምጡት እንዲህ ነው።

አዳፕተሩንም ገልብጠው አነበቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ግን አንዳንዴ አዳፕተሩ 120 ብቻ ይላል፣ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም። መቀየር ካለበት ቮልቱ ከዕቃው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩ ማነስ የለበትም፣ የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም መግጠም አለበት። አዳፕተሩ ስለገባ ብቻ መሰካት አደጋ ነው።

ልጄ አሁን ቤት ትለማመዳለች፣ አስተማሪዋም ጣቷ እንደጠነከረ ነግራኛለች። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ በሰው በሰው ብቻ መታወቁ ያሳዝነኛል፣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ጥቂት ነገር ልጨምር። ጠዋት ስልክ አያነሱም፤ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። ትልቁን የእንጨት ፒያኖ አይቃኙም፣ እሱን ለሌላ ባለሙያ ነው የሚመሩት። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሰጣለሁ። ስትደውሉ የሞዴሉን ስምና የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።