ከግል ሰርቨር ፊት ማን ይቁም? የኤንጂንኤክስና የካዲ ንጽጽር

ኔክስትክላውድን (ፋይል ማከማቻና ማጋሪያ ፕሮግራም) በራሳቸው ሰርቨር ላይ የጫኑ ወዳጆቼ ዞረው ዞረው የሚጠይቁኝ፣ ከፊት ቆሞ የጎብኚዎችን ጥያቄ እየተቀበለ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም (ሪቨርስ ፕሮክሲ) ኤንጂንኤክስ ይሁን ወይስ ካዲ የሚለውን ነው። መልሴ ካዲ ነው፤ ምክንያቴም ፍጥነት ሳይሆን ገንዘብ ነው።

ሁለቱም በነፃ ስለሚገኙ ይህ አባባል ግር ሊያሰኝ ይችላል። ለተከራየኋት ትንሽ ሰርቨር በወር 6 ዶላር፣ ለዶሜይኑ በዓመት 12 ዶላር እከፍላለሁ፤ የትኛውንም ብመርጥ ይህ ሒሳብ አይለወጥም። ገንዘቤን የበላው ሰርተፊኬቱ፣ ማለትም ግንኙነቱ እንዲመሰጠርና ብራውዘር ጣቢያውን እንዲያምነው የሚያደርገው ዲጂታል ማረጋገጫ ነው። ኤንጂንኤክስን እጠቀም በነበረበት ጊዜ ከእድሳት ጣጣ ለመገላገል ብዬ ከአንድ ሻጭ «የአንድ ዓመት» የተባለ ሰርተፊኬት በ3,500 ብር ገዛሁ። ሦስት ወር እንደሞላው የቢሯችን ሒሳብ ሠራተኛ ፋይል ልትከፍት ስትል ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ አወጣባት። ዝርዝሩን ከፍቼ ስመለከት አውጪው ሌትስ ኢንክሪፕት ሆኖ አገኘሁት፤ ለካ የተሸጠልኝ ማንም በነፃ የሚያወጣው፣ ዕድሜውም 90 ቀን ብቻ የሆነው ሰርተፊኬት ኖሯል። ሻጩ ሲጠየቅ ደግሞ «ማደሻ» ብሎ ሌላ ክፍያ ጠየቀ።

ካዲ ይህን ሥራ ያለ ሻጭ ይሠራዋል። በኮንፊግ ፋይሉ ላይ የዶሜይኑን ስም፣ ከሥሩም ጥያቄውን ኔክስትክላውድ ወዳለበት ወደ 127.0.0.1 (ከውጭ የማይደረስበት የሰርቨሩ የራሱ የውስጥ አድራሻ) ፖርት 8080 እንዲያስተላልፍ የሚያዝ አንድ መስመር ከጻፉ በኋላ፣ ዶሜይኑ ወደ ሰርቨሩ ካመለከተና ፖርት 80 እና 443 ክፍት ከሆኑ፣ ሰርተፊኬቱን ራሱ ያወጣል፣ ራሱም ያድሳል። ከኤንጂንኤክስ ጋር በተለምዶ ሰርትቦት የተባለውን ሰርተፊኬት አውጪና አዳሽ ፕሮግራም ለብቻው መጫን ያስፈልጋል፤ ሰርትቦት ፋይሉን ቢያድስ እንኳ ኤንጂንኤክስ ሪሎድ እስኪደረግ (ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ እስኪታዘዝ) ድረስ አሮጌውን ሰርተፊኬት ማቅረቡን ይቀጥላል። የሰርተፊኬት ዕድሜም እያጠረ በመሄድ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ የሚወጣ ሰርተፊኬት ከ47 ቀን በላይ ስለማያገለግል፣ በእጅ ማደስ የሚታሰብ አይሆንም።

ከኢንተርኔት የገለበጥኩት የኤንጂንኤክስ ኮንፊግም ብዙ አስከፍሎኛል። በስልክ የተነሣ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ በተላከ ቁጥር 413 የሚል ስሕተት ይመጣ ነበር፤ ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍምና። የጎብኚውን አድራሻ የሚያስተላልፈው መስመርም ስላልነበረበት፣ አንድ ሰው የይለፍ ቃል ደጋግሞ ሲሳሳት ኔክስትክላውድ ቢሮውን በሙሉ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አዘገየን። ካዲ አድራሻውን በራሱ ያስተላልፋል፤ ኔክስትክላውድ ላይ ፕሮክሲውን የታመነ ብሎ መመዝገብ ግን በሁለቱም አይቀርም።

ካዲም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬደው መሣሪያ) ሲጫን የዳታ ማኅደሩ በቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢተካም በማይጠፋ ማከማቻ) ካልተቀመጠ ኮንቴይነሩ በአዲስ በተተካ ቁጥር ሰርተፊኬት እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት ደግሞ ለተመሳሳይ ስም በ7 ቀን ውስጥ ከ5 በላይ አይሰጥም። ኤንጂንኤክስ ለዓመታት ያለ ችግር የሚሠራለት፣ ኮንፊጉንም የሚያውቅ ባለሙያ ያለው ቢሮ ባለበት ቢጸና አልቃወምም።

የትኛውም ቢመረጥ ዶከር የመተግበሪያውን ፖርት የሚከፍተው በ127.0.0.1 ላይ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ዶከር በዩኤፍደብሊው (በሊኑክስ ፋየርዎል) የተዘጋውን ፖርት አልፎ ይከፍታልና። እኔ ሁሉን ጨርሻለሁ ባልኩበት ምሽት በስልኬ ዳታ የሰርቨሩን አይፒ ከ8080 ጋር ጽፌ ብሞክር፣ የመግቢያ ገጹ ያለ ምንም ምስጠራ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ።