የወረቀት ቅጠል በብረት ቀለበት፦ የትኛው ዕቃ ያዋጣል?

በእጅ ሥራ ዕቃዎች በቀላሉ ከሚሠሩ የግድግዳ ጌጦች መካከል በብረት ቀለበት ላይ የሚደረደር የወረቀት ቅጠልን የሚያህል የለም። ወጪው ትንሽ ነው፣ ውበቱ ግን ዓይን ይስባል። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም በወረቀቱና በማጣበቂያው ነው። ቀለበቱ፣ ብሩሹና ሲባጎው የመጨረሻው ርካሽ ቢሆኑም ምንም አይጎድልም።

ለኮፒ የሚያገለግለው ባለ 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ቀለም ሲነካው ይጨማደዳል፤ ከተሰቀለ በኋላም የቅጠሉ ጫፍ ይጎብጣል። ባለ 300 ግራሙ ደግሞ ለመቀስ ከባድ ነው፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ልኩ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ነጭ ካርድ ነው። ቀለም ያለው ካርድ የመቀባት ድካም ቢቀንስም ርካሹ ዓይነት ብርሃን ላይ ቶሎ ይገረጣል፤ ስለዚህ ነጩን ገዝቶ መቀባት ይሻላል። ቁመቱ 7፣ ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅጠል ከአንድ ኤ4 ወረቀት 28 ይወጣል። ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ግማሹን ለመሸፈን ከ40 እስከ 45 ቅጠል ይፈልጋል፤ ሁለት ወረቀት ይበቃል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት (የቃጫ) አቅጣጫ አለው። ካርዱን በቁመትም በወርድም ቀስ አድርጋችሁ ለመጥ አድርጉት፤ ሳይታገል የሚታጠፍበት መስመር የጭረቱ አቅጣጫ ነው። የቅጠሉን ቁመት በዚያ አቅጣጫ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ የመሃሉ እጥፋት ስስና ንጹሕ ይሆናል። በተቃራኒው ከሆነ ግን እጥፋቱ ይላላጣል፣ ነጩም ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። ጅማቶቹን ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ ጫን ብሎ መሳል ጥሩ ነው፤ ከሥር የታጠፈ ጨርቅ ይደረግ።

ቀለሙ አክሪሊክ ይሁን፤ ከመቁረጥ በፊት ሙሉ ወረቀቱ ይቀባ። አንድ ፊት ብቻ ከተቀባ ቀለሙ ሲደርቅ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስለሚስበው ካርዱ ይጠቀለላል፤ ጀርባውም ሲቀባ ስበቱ ይመጣጠናል። ከጠርሙስ የወጣ አረንጓዴ እንዳለ ሲቀባ ፕላስቲክ ይመስላል። ጥቂት ቡናማ ወይም ቀይ ጠብ ቢደረግበት ጩኸቱ ይበርዳል። ለአንዱ ወረቀት ቢጫ የበዛበት፣ ለሌላው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ማዘጋጀት ለቅጠሎቹ ሕይወት ይሰጣቸዋል።

ማጣበቂያው ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነጭ ኮላ ርካሽና ሲደርቅ የማይታይ ነው፤ ነገር ግን ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል፣ ውሃውም ካርዱን ያረጥበዋል። ቅጠል በጠባብ ሽቦ ላይ ቆሞ እንዲቆይ ለሚፈለግበት ሥራ አይሆንም። ሆት ግሉ (በመሣሪያ ሞቆ የሚቀልጠው ሙጫ) በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ለዚህ ጌጥ የምመርጠውም እሱን ነው። 7 ሚሊ ሜትር ሙጫ የሚገባበት ትንሹ መሣሪያ ይበቃል፤ 11 ሚሊ ሜትሩ ለቅጠል ከሚያስፈልገው በላይ ያፈሳል።

ሆት ግሉን በባዶ ብረት ላይ ማድረግ ግን ከንቱ ድካም ነው። ብረቱ ሙቀቱን ወዲያው ስለሚስብ ሙጫው ሳይጨብጥ ይደርቃል፤ ቅጠሉ ቀን ቆይቶ ከነሙጫው ይወድቃል። መፍትሔው ቅጠል የሚቀመጥበትን የቀለበቱን ግማሽ አስቀድሞ በሲባጎ አጥብቆ መጠቅለል ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ሽቦና ለ2 ሚሊ ሜትር ሲባጎ 4 ሜትር ገደማ ይበቃል። ሙጫው ከሲባጎው ጭረት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር አይለቅም።

ድርደራው ከአንዱ ጫፍ ተጀምሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል፣ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ የቀደመውን ሥር ይሸፍናል። ሙጫው የምስር ፍሬ ያህል ይሁን፤ ከዚያ ከበዛ በጎን ይወጣል። ጣት እንዳይቃጠል ቅጠሉን በስቲኪኒ ተጭኖ መያዝ ይበጃል። ሙጫው የሚተወው የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከደረቀ በኋላ በእጅ ይለቀማል።

ተቆርጦ የሚሸጥ የፕላስቲክ ቅጠል አይመከርም፤ ያብለጨልጫል፣ አቧራም ይስባል። የፎም ቅጠልም ጠርዙ ወፍራም ስለሆነ የልጆች መጫወቻ ይመስላል። እውነተኛ ቅጠል መጠቀም የፈለገ እርጥበት በሚመጥ ወረቀት መካከል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበት፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱ ካልተቀየረ ቅጠሉ ይሻግታል። እንዲህ የደረቀ ቅጠል ተሰባሪ ስለሆነ ለቀለበት ሳይሆን በወፍራም ካርቶን ላይ በስሱ በተቀባ ነጭ ኮላ ተለጥፎ በፍሬም ውስጥ ቢገባ ያምራል።

ቀለበቱ ቀላል ስለሆነ አንዲት ትንሽ ምስማር ትበቃዋለች። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለስላሳ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ይይዛል፤ ዱቄት በሚያራግፍ የኖራ ግድግዳ ላይ ግን ኖራውን ይዞ ይላቀቃል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አይመረጥ፤ ሆት ግሉ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። አቧራው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጫፉ ይጠረግ።