ኮፒ ማርሚታ ልግዛ ወይስ የራሴን ላስከፍት?

በጋ ገብቶ ባሕር ዛፍ መቆረጥ ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። የደብረ ብርሃን ልጆች፣ የአንጎለላ ልጆች፣ ሁሉም ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ቼይንሶው ጉልበት አጣብኝ፤ ያንን ባለ ሁለት አፍ ኮፒ ማርሚታ ልግዛለት?» ማርሚታ ማለት ጭሱ የሚወጣበት፣ ጩኸቱም የሚታፈንበት የብረት ሳጥን ነው።

አትግዙ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

መጋዜ ኦሪጅናል ስቲል 381 ነው። ኮፒ ማርሚታውን 3,800 ብር ብለውኝ ተከራክሬ በ3,200 ወሰድኩት። ሲያዩት ያምራል፤ ያብረቀርቃል። ቤት ሄጄ ልገጥመው ስል የብሎን ቀዳዳው አልገናኝ አለ። በሞረድ አስፍቼ በግድ አስገባሁት። አስነሳሁት፤ ሰፈሩን አናወጠው። እኔም ጩኸቱን ጉልበት መስሎኝ ደስ አለኝ። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራቶር ግን አልነካሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸዋ ሮቢት ሥራ ተገኘ። ግማሽ ቀን እንኳ አልሠራሁም፣ መጋዙ ቀጥ አለ። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ድመት የቧጨረችው መስሏል። ፒስተንና ሲሊንደር 8,500፣ የእጅ ዋጋ 1,500። ከማርሚታው ጋር ደምሩት፤ 13,200 ብር። የቀረብኝን የቀን ሥራ አልቆጠርኩም።

ምን ሆኖ ነው? ማርሚታ ሲከፈት፣ ማለትም መውጫው ሲሰፋ፣ ጭሱ ቶሎ ይወጣል፣ ሞተሩም ብዙ አየር ይስባል። ቤንዚኑ አብሮ ካልተጨመረለት ይግላል። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን አነሰው ማለት ዘይትም አነሰው ማለት ነው። የኔን ደግሞ ያባሰው ቁልቁለቱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ደጋ የተስተካከለ መጋዝ ጣርማ በርን ተሻግሮ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ ኮፒው ብሎኑ እየላላ በጓርኒሲዮኑ፣ ማርሚታውና ሲሊንደሩ መሃል በሚገባው ማሸጊያ፣ ዙሪያ ጭስ ያፈስ ነበር።

አሁን የምጠቀመው የራሱን የመጋዙን ማርሚታ ነው። ጠባሴ ሰፈር ያሉ አንድ አሮጌ መካኒክ በ700 ብር ከፈቱልኝ፤ 150 ብር ደግሞ ለአዲስ ጓርኒሲዮን። በቃ፣ 850። ማርሚታውን ፈትተው ለብቻው ወስደው ነው የሠሩት፤ የሲሊንደሩን ቀዳዳ ብናኝ እንዳይገባበት በጨርቅ ደፈኑት። በትራፓኖ በስተጎን አንድ ቀዳዳ አወጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሱ። «ጋሼ፣ ትንሽ ሰፋ አያደርጉትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መውጫው ሁሉ ተደምሮ ከሲሊንደሩ የጭስ ቀዳዳ ሦስት ሩቡን ካለፈ ትርፉ ጩኸት ነው» አሉኝ። አዲሱ አፍ ወደ ፕላስቲኩም ወደ እጄም እንዳይተፋ አድርገው ነው ያዞሩት።

ከዚያ ቤንዚኑ እንዲጨምር ካርቡራቶሩ ላይ ኤች (H) የተጻፈበትን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ወደ ግራ ፈቱት። ይሄን የማያደርግ መካኒክ ጋ አታስነኩ። እናንተም በጆሮ ታውቁታላችሁ። ባዶውን ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት ትንሽ ይንተባተባል፣ እንጨት ሲነክስ ድምፁ ይጠራል። ባዶውን እንደ ትንኝ ካፏጨ ቶሎ አጥፉት። ካንዴላውንም ፍቱና እዩ፤ የቡና ቀለም ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል።

ልዩነቱ አጣና ላይ አይታይም። ወፍራም ግንድ ላይ ነው፤ ድሮ ተጭኜው የሚቆመው አሁን አይቆምም። የቤንዚን ወጪው ግን ጨምሯል፣ አልዋሽም። ጆሮ መድፈኛም ግድ ነው።

ለነገሩ ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ማርሚታ መንካት አያስፈልጋቸውም። አንዱ መጋዙን አምጥቶልኝ ማርሚታውን ስፈታው ወንፊቱ በጥላሸት ተደፍኖ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁት፣ ሰንሰለቱን በ250 ብር ሞረድ ሳልኩለት፤ አዲስ መጋዝ መሰለው። ወንፊቱን ግን ነቅላችሁ አትጣሉ። ብልጭታ የሚይዘው እሱ ነው፣ የበጋ ቅጠል ደግሞ ቶሎ ይቀጣጠላል። ወፍ ዋሻ ደን አጠገብ የምትሠሩ በተለይ።

ቁልቁል የምትወርዱ ደግሞ ካቻቢቴውን ኪሳችሁ ክተቱ፤ እዚያው ደርሳችሁ እንደገና አስተካክሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ደውሎ «ኮፒው 2,600 ገብቷል፣ ልግዛ?» አለኝ። የኔን በነፃ ውሰደው አልኩት። ጓርኒሲዮኑን ግን ራስህ ቻል።