የሴዳር ጣውላ ወይስ ሌላ? ለግሪል የሚሆነውን ለመምረጥ

ጣውላ ላይ መጥበስ ብረት ላይ ከመጥበስ በሁለት ነገር ይለያል። እሳቱ ምግቡን በቀጥታ አያገኘውም፤ ጣውላው መሃል ይገባል። ደግሞ ጣውላው ራሱ ከሥሩ እየከሰለ ይጨሳል፤ ጭሱም ምግቡ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጣውላው ዕቃም ነው፣ ቅመምም ነው። ሲገዙት የሚያደናግረውም ለዚህ ነው። እንደ ዕቃ ጠንካራ የሆነው እንደ ቅመም ላይጥም ይችላል።

ምርጫው ደግሞ ብዙ ነው። ሴዳር ከሚባለው መዓዛማ እንጨት ቀጭን አለ፣ ወፍራም አለ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት እንደ ወረቀት የሳሳ ሴዳርም አለ። ከዚያ አልደር፣ ሜፕል፣ ቼሪ፣ ኦክና ሂኮሪ ይከተላሉ። አብዛኛው ሰው የእንጨቱን ዓይነት ሲያወዳድር ይውላል። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ውፍረቱ ነው ባይ ነኝ። ውፍረቱ ከምግቡ ጋር ካልሄደ የፈለገው ዓይነት እንጨት ቢሆን አይረዳችሁም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ ግሪላችሁ ክዳን አለው? ከሌለው ጣውላ አትግዙ። የምግቡ የላይኛው ክፍል የሚበስለው ክዳኑ ሥር በታፈነው ሙቀት ነው። ክዳን ከሌለ ጣውላው ከሥር ይነዳል፣ ምግቡ ከላይ ጥሬ ይቀራል፣ ጭሱም በነፋስ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ለአሳ የሚሆን መያዣ ፍርግርግ ወይም ከባድ የብረት መጥበሻ ብትገዙ ይሻላችኋል።

ቀጭን ወይስ ወፍራም?

ቀጭን የሚባለው ጣውላ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ወፍራሙ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። እሳት ላይ ግን ሌላ ነው።

ቀጭኑ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይጨሳል። ሳልሞን ከ12 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ስለሚበስል ከቀጭን ጣውላ ጋር ጥሩ ይሄዳል። ጭሱ በቶሎ ስለሚጀምር ያ አጭር ጊዜ ይበቃዋል። ወፍራሙን ለዚሁ ሥራ ብትጠቀሙት አሳው በስሎ ሲወጣ ጣውላው ገና መጨስ መጀመሩ ነው። ጣዕሙ ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ "ወፍራሙ ሁልጊዜ ይሻላል" የሚለው ምክር አያስኬድም።

አጥንት ያለው የዶሮ ሥጋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ዶሮው ከ40 ደቂቃ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ቀጭኑ ጣውላ እዚያ ሳይደርስ ነዶ ያልቃል፤ ሥጋውም ፍሙ ላይ ይወድቃል። ለዶሮ፣ ለሙሉ አሳ፣ ቀስ ብሎ ለሚበስል ማንኛውም ነገር ወፍራሙን ግዙ።

የቀጭኑ ሌላ ችግር መጣመም ነው። ጣውላው እሳት ላይ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ውስጥ ስለሚዘፈዘፍ ከላይ እርጥብ ሆኖ ከሥር ሲደርቅ ጫፎቹ መጎበጥ ይጀምራሉ። ሲጎብጥ ስቡ ወደ እሳቱ ይፈሳል፣ ነበልባልም ይነሳል። ይህን ለመቀነስ ባዶውን ጣውላ ፍርግርጉ ላይ ለሦስትና አራት ደቂቃ አሙቁት፤ መጨስ ሲጀምር ገልብጡትና ምግቡን በሞቀው ፊት ላይ አስቀምጡ። እንዲህ ሲደረግ ሁለቱም ፊት እሳት ስላየ መጣመሙ ይቀንሳል፤ ጭሱም ከመጀመሪያው ደቂቃ አንስቶ ምግቡን ያገኘዋል።

ስፋቱንም ዝም ብላችሁ አትለፉት። ጣውላ የሚቃጠለው ከመሃል ጀምሮ አይደለም። ተጠግታችሁ ብታዩት መጀመሪያ የሚቀላው ጠርዙና ማዕዘኑ ነው፤ አየር ከሁለት በኩል ያገኘዋልና። ቀጭን ቀይ መስመር በጠርዙ ላይ እየተጓዘ ወደ ውስጥ ይገባል። ከምግቡ ሥር ያለው እንጨት ግን እርጥበት ስላለው ሳይነድ ይቆያል። ስለዚህ ከምግቡ ዙሪያ አንድ ጣት ያህል ብቻ የሚተርፍ ጣውላ ምረጡ። በጣም ሰፊ ጣውላ ላይ አንድ ቁራጭ አሳ ካስቀመጣችሁ የተራቆተው እንጨት ሁሉ ለነበልባል የተጋለጠ ነው። ጣውላውም ክዳኑን ሳያስነሳ ግሪሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት።

ሴዳር ለምን ታዋቂ ሆነ?

ለግሪል የሚሸጠው ሴዳር በአብዛኛው ምዕራባዊ ቀይ ሴዳር የሚባለው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቱያ ፕሊካታ ሲሆን የሚያድገው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በተለይም በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በዋሽንግተንና በኦሬጎን ነው። የዚያ ጠረፍ ነባር ሕዝቦች ሳልሞንን በእንጨት ወጥረው እሳት ዳር ሲያበስሉ ኖረዋል። ሳልሞንና ሴዳር አብረው የሚነሱት ለዚህ ነው።

ይህ ዛፍ ከነፓይን ወገን ቢሆንም እንጨቱ ውስጥ የሙጫ ቧንቧዎች የሉትም። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ፓይንና ስፕሩስ ሙጫቸው ሲነድ ጥቁር ጥላሸትና መራራ ጣዕም ይሰጣል። ሴዳር ያ ችግር የለበትም፤ መዓዛው ግን ከሁሉም ጣውላ የበለጠ ጎልቶ ይወጣል።

እንጨቱ ቀላል ነው። የደረቀ ቀይ ሴዳር ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ማለትም 0.32 ገደማ ነው። ቀይ አልደር 0.41፣ ቼሪ 0.50፣ ጠንካራው ሜፕል 0.63፣ ሂኮሪ ደግሞ 0.72 ይደርሳሉ። ቀላል እንጨት ቶሎ ይጨሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ሴዳር ለአጭር ጊዜ ምግብ ምቹ የሆነው በመዓዛው ብቻ አይደለም፤ በክብደቱም ነው።

ጣዕሙ ቅመማ ቅመም ያለው፣ ትንሽ ከረር ያለ ነው። ስብ ያለው ምግብ ይችለዋል። ሳልሞንና ትራውት አንደኛ ናቸው። ለስላሳ ቺዝ፣ እንጉዳይና በሳል ኮክም ከሴዳር ጋር ይስማማሉ። ስብ የሌለው ነጭ አሳ ግን ሴዳር ላይ ሲጠበስ የራሱ ጣዕም ይጠፋል፤ ሴዳር ሴዳር ብቻ ይላል። ለሱ አልደር ይሻላል።

ሳልሞኑን ቆዳው ወደ ታች ሆኖ አስቀምጡት። ሲበስል ቆዳው ከጣውላው ጋር ይጣበቃል። አትታገሉት፤ መገልበጫውን በሥጋውና በቆዳው መሃል አስገብታችሁ ሥጋውን ብቻ አንሱ። ከላይ ነጭ እርጎ የሚመስል ነገር ብቅ ማለት ከጀመረ እሳቱ በዝቷል፣ ወይም ጊዜው አልፏል ማለት ነው። እሱ ሙቀቱ ከሥጋው ጨምቆ ያወጣው ፕሮቲን ነው። ቢበላ ጉዳት የለውም፤ ግን አሳው መድረቅ መጀመሩን ይነግራችኋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚመክረው የውስጥ ሙቀት ለአሳ 63፣ ለዶሮ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጣውላ ላይ የምግቡ ሥር ስለማይቀላ በዓይን መገመት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጣውላው ጋር የምግብ ቴርሞሜትር ግዙ።

አልደር፣ ሜፕል እና የቀሩት

አልደር ከሴዳር ጋር ከአንድ አካባቢ የመጣ ነው። በዚያው ጠረፍ ሳልሞን ለማጨስ ሲያገለግል የኖረ እንጨት ነው። ጭሱ ለስላሳ ነው፣ ምግቡን አይጫነውም። ቤታችሁ ውስጥ የሴዳርን ሽታ የማይወድ ሰው ካለ፣ ወይም ኮድን የመሰለ ነጭ አሳ የምታበዙ ከሆነ ሳታመነቱ አልደር ውሰዱ። በእኔ እምነት ከሚገባው በታች የተወራለት ጣውላ እሱ ነው።

ሜፕል ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ጭስ ይሰጣል። ከባድ ስለሆነ እሳት ላይ ይቆያል። ለዶሮና ለአትክልት እሱን እመርጣለሁ። ቼሪም ከሜፕል ብዙም አይርቅም፤ የፍራፍሬ ቃና አለው፤ ለዳክዬና ለዶሮ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካገኛችሁ ወፍራሙን ያዙ፤ በጣዕም ያለው ልዩነት ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።

ኦክና ሂኮሪ ላይ ግን ሐሳቤ የተለየ ነው። "ለበሬ ሥጋ" ተብለው ነው የሚሸጡት። ጭሳቸው ኃይለኛ ነው፤ ለሥጋም ይስማማል፤ እውነት ነው። ችግሩ ጭሱ ላይ አይደለም። ከስቴክ የምንፈልገው ያንን ቡናማ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸውን ፊት ነው። እሱ እንዲመጣ የሥጋው ፊት ከ140 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። እርጥብ ጣውላ ላይ የተቀመጠ የሥጋ ሥር ደግሞ ውሃው እስኪያልቅ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ውጤቱ የጨሰ ቅቅል ነው። ስቴክ ለመጥበስ ከሆነ ጣውላውን ተዉትና የሂኮሪ ስንጣሪ ገዝታችሁ ፍሙ ላይ ጣል አድርጉ። ጭሱንም ታገኛላችሁ፣ ቅላቱንም። ግድ ጣውላ ካላችሁ ግን ሥጋውን መጀመሪያ ብረቱ ላይ አቅሉትና ከዚያ ወደ ጣውላው አዛውሩት።

የሚጠቀለለው ሴዳር

ይሄኛው ለስላሳ፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ስስ እንጨት ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ምግቡ ይጠቀለልበትና በጥጥ ክር ይታሰራል። ከጭስ ይልቅ የእንፋሎት መዓዛ ነው የሚሰጠው። ለትናንሽ ነገሮች ማለትም ለሽሪምፕ፣ ለአሳ ቁራጭ፣ ለአትክልት ጥሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ የራሱን ጥቅል ማቅረብም ያምራል። አንድ ጊዜ ተጠቅማችሁ ትጥሉታላችሁ። ጭሱን ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ቅር ይላችኋል፤ ጣውላውን ግዙ።

ከዚህ ሌላ ከጫፎቹ ውስጥ የብረት ዘንግ ያለፈባቸው ወፋፍራም ጣውላዎች አሉ። እነሱ ለቤት ውስጥ ምድጃ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ ያገለግላሉ፣ ክፍት እሳት ላይ ግን አይወጡም።

ከእንጨት መሸጫ ቆርጦ ማምጣትስ?

ይህ ሐሳብ ብዙዎችን ይፈትናል። ጣውላ ጣውላ ነው ይባላል። አይደለም። ለግንባታ የሚሸጥ እንጨት እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው ኬሚካል የጠጣ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ዓመታት ከነበሩት አንዱ ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ የያዘ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት ሥራ እንዳይውል የተደረገው ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ሲቃጠል አርሴኒኩ ወደ ጭሱና ወደ አመዱ ይገባል። በማየት ወይም በማሽተት አይለይም። ቫርኒሽ፣ ቀለም ወይም ሙጫ የነካውም እንደዚሁ ከምግብ መራቅ አለበት። "ለምግብ የሚሆን፣ ኬሚካል ያልነካው" ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈበት አትግዙት።

"ሴዳር" የሚለው ቃል ብቻውንም አያስተማምንም። ለልብስ ሳጥን የሚያገለግለው ምሥራቃዊ ቀይ ሴዳር የጁኒፐር ወገን ነው፤ ለምግብ አይመከርም። ማሸጊያው ላይ ምዕራባዊ ቀይ ሴዳር መሆኑን አረጋግጡ።

ጣውላውን በእጃችሁ ስትይዙትም እዩት። ትልቅ ጉጥ ያለበት ቦታ ሲሞቅ ይሰነጠቃል፤ ጉጡ ራሱ ወጥቶ ሊወድቅም ይችላል። ጫፉ ላይ ቀድሞ የተሰነጠቀውን ተዉት። ቀጥ ያለ መስመር ያለውን፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የማይወዛወዘውን ምረጡ።

ጋዝ ወይስ ከሰል?

ሁለቱም ያስኬዳሉ። ጋዝ ላይ ሙቀቱን መቆጣጠር ይቀላል፤ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ያዙት። ከሰል ላይ ደግሞ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡና ጣውላውን ዳር ላይ አድርጉት፤ ነበልባል በቀጥታ እንዳይልሰው። ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ አጠገባችሁ ይኑር። ጠርዙ ሲቀላ ትንሽ እርጩበትና ክዳኑን መልሱ። ጣውላውን አስቀድማችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ወፍራም ከሆነ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት። ስለሚንሳፈፍ ከላይ ከባድ ነገር ጫኑበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ እኔ የምለው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሴዳር ለሳልሞን፣ አንድ ወፍራም ሜፕል ደግሞ ለዶሮ ነው። ሌላውን ቆይታችሁ ትጨምራላችሁ። ሳልሞን የማትበሉ ከሆነ በሴዳሩ ቦታ አልደር ተኩ።

ወፍራም ጣውላ እንደ አያያዙ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያገለግላል። ሥሩ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ካልከሰለ ደግማችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በሙቅ ውሃና በሻካራ ብሩሽ እሹት፤ ሳሙና እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ ይቅርባችሁ። ከዚያ አቁማችሁ በደንብ አድርቁት፤ እርጥቡን ካስቀመጣችሁት ይሻግታል። አሳ የተጠበሰበት ጣውላ ላይ ቺዝ ወይም ፍራፍሬ አታስቀምጡ፤ የአሳው ዘይት እንጨቱ ውስጥ ስለሚቀር ሲሞቅ ሽታው ይመለሳል።