እግዜር ይስጥልን ጋሼ፦ የአባታችንን ጀልባ ላዳኑልን የባሕር ዳሩ ጀልባ ጠጋኝ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ታገስኩ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ «ተሠራልን፣ ተመስገን» ብዬ ለዘመድ ለጎረቤት አውርቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ብዙ ሳይቆይ ውሃው ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ አሁን ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሜ በየማለዳው የጀልባዋን የወለል ሳንቃ እያነሳ ያያል። ከዚያ ይደውልልኛል። «ደረቅ ነው» ይለኛል። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ «ደረቅ ነው» አለኝ። ከእንግዲህ ዝም ብል ነውር ነው።

ጣና ላይ ጀልባ ያላችሁ፣ በጀልባ የምትተዳደሩ፣ ጀልባችሁ ውሃ እያስገባች እንቅልፍ ያጣችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጀልባዋ የአባታችን ናት። ፋይበር ናት፣ አሥራ ስድስት ሰው ትይዛለች። አባዬ በ1999 ዓ.ም. ሲገዛት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ሦስታችንንም ያስተማረችን እሷ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተሳላሚና ጎብኚ ታመላልሳለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ አንዳንዴም ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ። አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ሒሳቡንና ደንበኛውን እይዛለሁ። ጎብኚ በራቀበት በዚህ ጊዜ ቤታችንን ያቆመው የንግሥ በዓል ተሳላሚ ነው።

ውሃ ማስገባት የጀመረችው ባለፈው ክረምት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ነበር። አባዬ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በሰያፍ ቆርጦ የሠራት መቅጃ አለች፤ እጀታዋ ላይ ገመድ ጠምጥሞባታል። ወንድሜ በእሷ እየቀዳ ያፈስስ ነበር። እያደር ግን መቅጃዋ ከእጁ አልወርድ አለች። አንድ እጁ ሞተሩ ላይ፣ አንድ እጁ መቅጃው ላይ ሆነ።

መስከረም ላይ አንድ ባለሙያ አመጣን። ስም አልጠራም። መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ «ቀላል ነው» አለ። የመስኮት መስታወት የሚያያዝበትን ነጩን ሲልከን ገዝቶ፣ ስንጥቅ የመሰለውን ሁሉ ላዩን ቀባው። አልጠረገው፣ አላደረቀው። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ገንዘቡን ቆጥሮ ሄደ። አሥር ቀን ሳይሞላ ሲልከኑ እንደ ተላጠ የሽንኩርት ልጣጭ በረጅሙ እየተነሳ መጣ። ስንደውልለት አያነሳም።

ከዚያ የኅዳር ጽዮን መጣች። ያቺን ቀን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አሥራ አራት ሰው ጭነን ከዘጌ እየተመለስን ነበር። ያን ዕለት እኔም ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማዕበሉ የጀልባዋን ጀርባ ሲመታት ውሃው ከሥር እየፈላ እንደሚወጣ ምንጭ ሆነ። ቁርጭምጭሚታችን ጋ ደረሰ። ወንድሜ ይቀዳል፣ እኔ በድስት ክዳን እቀዳለሁ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን በባዶ እጁ ይጨልፋል። አንዲት እናት ሕፃኗን አንገቷ ላይ አውጥታ «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ትላለች። ሁሉም የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰዋል፤ አባዬ ያለ እሱ ማንንም አይጭንም ነበር፣ እኛም አንጭንም። ቢሆንም የዚያች እናት ዓይን እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም። እግዚአብሔር ይመስገን ደረስን። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወንድሜ መርከብ በሰመጠ ሕልም እየባነነ ይነሳ ነበር።

ሁለተኛው ሰው ታኅሣሥ ላይ መጣ። እሱ ደግሞ ሬንጅ አፍልቶ ከውስጥ አፈሰሰበት። ለጥቂት ቀን ያዘ። ፀሐይ ሲበረታ ሬንጁ ለሰለሰ። ለጥር በዓል የጫንናቸው አንዲት አዛውንት ሲወርዱ ያ በረዶ የመሰለ ነጠላቸው ጫፉ ጥቁር በጥቁር ሆነ። እሳቸው «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ውሃውም ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው ምንም አልሠራልንም፤ «የጀልባ ማሸጊያ ከአዲስ አበባ አስመጣላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ሁለት ቱቦ አምጥቶ ሰጠን፣ ከዚያ ጠፋ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። እንዲህ የደከመ ሰው ብዙ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ጋሼን የጠቆመችን ውሃው ዳር ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። «ለምን ለጋሼ አታሳዪአቸውም?» አለችኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው።

መጡ። እንደሌሎቹ «ቀላል ነው» አላሉም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሩ። ከዚያ «ከውሃ ትውጣ» አሉ። አወጣናት፣ እንጨት ላይ አስቀመጥናት። ቀጥሎ ያደረጉትን እስካሁን ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው። ውሃ በባልዲ አስቀዱና ጀልባዋን ከውስጥ ሞሉባት። እኔ ደነገጥኩ። ውሃ ለማስወጣት ስንት ወር የታገልንባትን ጀልባ እንዴት ውሃ ይሞሉባታል? እሳቸው ግን ጠመኔ ይዘው ከሥሯ ተንበረከኩ። ጠብ ባለበት ሁሉ በጠመኔ ክብ አደረጉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ክብ። አራቱ ሞተሩ የታሰረባቸው ቡሎኖች ሥር ነበሩ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሲልከንና ሬንጅ ያፈሰሱበት ቦታ ላይ አንድም ክብ አልነበረም።

«ልጄ፣ በወዲያ በኩል ነው የሚገባው፣ እነሱ በወዲህ ሲደፍኑ ነው የከረሙት» አሉኝ። ስድስት ወር የፈጀ ነገር በአንድ ቁራጭ ጠመኔ ተገለጠ።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ አስረዱኝ፣ ሁሉም ግን አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ሲልከን የነካው ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይዝም። ስለዚህ ክብ ባይኖርበትም ያ ሰው የቀባውን በስፓቱላና በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ጀልባዋ ላይ ተኝተው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ገና የሚያሟልጭ ከሆነ እንደገና እየፋቁ። ቡሎኖቹን ሲፈቱ ከፋይበሩ ውስጥ ያለው እንጨት ረጥቦ ኖሯል። ለቀናት ፀሐይ ላይ አደረቁት። ወንድሜ ሲቸኩል እንዲህ አሉት፦ «ታንኳ ውሃ ስትጠጣ ትከብድና ትነግርሃለች፣ ዳር አውጥተህ ታደርቃታለህ። ፋይበር ግን ይደብቅብሃል።» አባታቸው ታንኳ ይሠሩ ነበር አሉን፣ ደንገል እያጨዱ። ለዚያ ይሆናል ጀልባን እንደ ሕይወት ያለው ነገር የሚያዩት።

ያ ሦስተኛው ሰው የሰጠንን ሁለት ቱቦ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የቱቦውን ጀርባ አነበቡ። ጊዜው ያለፈበት ነበር። አንዱን ሲጫኑት ውስጡ ድንጋይ ሆኗል። ወደ ቆሻሻ ጣሉት። ከዚያ ራሳቸው ሰው ልከው የጀልባ ማሸጊያ አስገዙልን፣ ሲካፍሌክስ የሚባለውን። ሦስት ቱቦ ነበር የተገዛው። ሥራው ሲያልቅ አንዱን ሳይከፍቱ መለሱልኝ። «ሁለቱ በቃን። አንዴ ከተከፈተ አይቆይም፣ ሳይከፈት አስቀምጪው፣ ቀኑ ሳያልፍ ለሚፈልግ ስጪ» አሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ የተረፈ ዕቃ መልሶ የሚሰጥ ባለሙያ የት አያችሁ? እኔ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ማሸጊያውን ሲያደርጉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዙሪያውን ፕላስተር ለጠፉ። በቡሎኑ አንገት ዙሪያ፣ ልክ እንደ ዳቦ ሊጥ ወፍራም አድርገው ጠመጠሙት። ቡሎኑን አስገብተው በእጃቸው ብቻ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርገው ተዉት። ወንድሜ ቁልፍ ሲያቀብላቸው «አይሆንም» አሉት። ከመጀመሪያው ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መሃሉ ባዶ ይቀራል። ትንሽ ከጠና በኋላ ነው ቡሎኑ እስከ መጨረሻው ጥብቅ የሚደረገው። ወንድሜ ደግሞ የተንጠባጠበውን በእጅ ሳኒታይዘር ሊጠርግ ሲል እጁን ያዙት። አልኮል እንዳይጠነክር ያደርገዋል አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ማሸጊያው የተደረገው የካቲት 11 ነው። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው። በዓመት ውስጥ ለእኛ ከእሷ የሚበልጥ ቀን የለም። ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ መልስ ሦስት ዙር ሰው ቆጥሬ፣ ቀብድ ሁሉ ተቀብያለሁ። ጋሼ ግን «ሰባት ቀን ሳይሞላ ሰው አይጫንባትም» አሉ። ይህ ነገር ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ነው የሚጠነክረው፣ በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይዘገያል አሉ። «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ብቻ እኮ ነው የሚጎድለው፣ እባክዎ» ብዬ ለመንኳቸው። ድምፄ ተቆራረጠ። ስለ ትምህርት ቤት ክፍያው፣ ስለ ሞተሩ ዕዳ ሁሉ ነገርኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የኅዳሩን ቀን ወንድምሽ ነግሮኛል» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ማታ ደወሉልኝ። የሚያውቁትን የሌላ ጀልባ ባለቤት አነጋግረው፣ የእኔን ተሳላሚዎች በእሱ ጀልባ እንድወስድ፣ ገቢውንም ለሁለት እንድንካፈል አስማምተውታል። ነዳጁ ከእሱ። ለራሳቸው ከዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አላገኙም። ማንም አላዘዛቸውም። ለአንድ ሰው እንኳ ቀብዱን አልመለስኩም። በዓሏ ላይ ቆሜ የጸለይኩት ለጋሼ ነው።

ሰባተኛው ቀን ሞልቶ፣ አንድ ቀን ጨምረው፣ ጀልባዋን ወደ ውሃ መለስናት። ጋሼ ራሳቸው ተሳፈሩ። ወንድሜ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ነዳት፤ እንቦጩን እየሸሸ፣ ከዚያ ሆን ብሎ ወደ ማዕበሉ። ጋሼ ከኋላ፣ ሞተሩ ሥር ቁጭ ብለው፣ ደረቅ ሶፍት አንድ በአንድ በየቡሎኑ ሥር እየለጠፉ ያነሱ ነበር። ያነሱትን ፀሐይ ላይ ያዩታል። ሌላ ይለጥፋሉ። የመጨረሻውን ሶፍት አነሱና ሳይናገሩ ለእኔ አቀበሉኝ። በጣቴ አሻሸሁት። ደረቅ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ እስካሁን አለ።

«ስንት ልክፈልዎ ጋሼ?» አልኳቸው ስንወርድ። የጠሩት ዋጋ ያ የመጀመሪያው ሰው ለግማሽ ቀን ከወሰደው ያነሰ ነው። እሳቸው አሥር ቀን ለፍተዋል። ልጨምር ስል እጄን መለሱት። «አባትሽን አውቀው ነበር» አሉኝ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሞተራቸው መሃል ሐይቅ ላይ ሲቆምባቸው አባዬ ጎትቶ ዳር አድርሷቸው፣ ገንዘብ አልቀበልም ብሏቸው ነበር። ይህን ቤታችን ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር። አባዬ አልነገረንም።

ጋሼ፣ ይህን ጽሁፍ ልጅዎ እንደምታነብልዎ ነግረውኛል። እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እጅዎ አይድከም። ወንድሜ አሁን ሌሊት ይተኛል።

እናንተ ደግሞ፣ ጀልባችሁ ውሃ የምታስገባ ከሆነ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። መቅጃ ይዛችሁ በዓል አትጠብቁ። ሲልከን ይዞ መጥቶ «ቀላል ነው» ለሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ፋይበር ይሁን እንጨት፣ ለጋሼ አሳዩአቸው። በእጃቸው ያለውን ሳይጨርሱ ሌላ ስለማይቀበሉ ምናልባት ወረፋ ይኖራል፤ ጠብቁ፣ ያዋጣል። ስልካቸውን በአደባባይ አልጽፍም፣ በውስጥ ለጠየቀኝ ግን እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ወይም ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ሄዳችሁ «ጋሼ የት አሉ?» በሉ። ማንም ይጠቁማችኋል።

ያ ያልተከፈተው ቱቦም እኔ ጋ አለ። ቀኑ አላለፈም። ገንዘብ አልፈልግም፣ ለሚያስፈልገው ጀልባ ይሁን።