አዲስ አበባ ላይ በአፕ ምግብ ማዘዝ፦ ከውጭ ለሚመጣ ሰው

ለእረፍት አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው የምግብ ዴሊቨሪ አፖች ትልቅ እፎይታ ናቸው። ዴሊቨር አዲስም ሆነ ቢዩ፣ ሜኑውን ከነዋጋው ያሳያሉ፤ ቦሌም ሆነ ሲኤምሲ ብታርፉ ምግቡ ቤታችሁ ይመጣል። በአገልግሎቱ በአጠቃላይ ደስተኛ ነኝ። ነገር ግን ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የለመድነውን አጠቃቀም እንዳለ ይዘን ስንገባ ጣጣው የሚያርፈው በዴሊቨሪው ልጅ ላይ ነው። እዚያ አፑ ልጁን በር ላይ ያቆመዋል። አዲስ አበባ ላይ አፑ የሚያደርሰው እስከ ሰፈሩ ነው፤ የቀረው በስልክ ያልቃል።

ስለዚህ አፑን ከማውረዳችሁ በፊት የአገር ውስጥ ሲም አውጡ። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር በ09፣ የሳፋሪኮም በ07 ይጀምራል። በውጭ ቁጥር ለመመዝገብ ስትሞክሩ የማረጋገጫ ኮዱ ሳይደርሳችሁ ሊቀር ይችላል። ቢደርስና ብትመዘገቡ እንኳ ልጁ በር ላይ ቆሞ በራሱ ካርድ ወደ አሜሪካ እንዲደውል መጠበቅ አይገባም። ውጭ ሆናችሁ አገር ቤት ላለች እናታችሁ የምታዙ ከሆነም የተቀባዩ ስልክ የእሷ ይሁን፤ ምግብ እንደሚመጣም ቀድማችሁ ንገሯት። ውጭ የኖረ ሰው የማያውቀው ቁጥር ሲደውል አለማንሳት ልማዱ ነው። ካዘዛችሁ በኋላ ግን የማታውቁት ቁጥር ሁሉ ይነሳ፤ ወይ ምግብ ቤቱ ትዕዛዙን ሊያረጋግጥ ነው፣ ወይ ልጁ መንገድ ጠፍቶታል።

ዋናው ፈተና አድራሻ ነው። ካርታው ላይ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ ዋናው አስፋልት ላይ ይቀመጣል። የሳተላይቱን ምስል ከፍታችሁ በጣታችሁ እየጎተታችሁ የቤታችሁ ጣሪያ ላይ አሳርፉት። ከዚያ በማስታወሻው ቦታ ላይ መንገዱን ጻፉ። የምትጠቅሱት ምልክት ዛሬ መኖሩን አረጋግጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በተሠራው የኮሪደር ልማት ፒያሳም ሆነ ቦሌ መንገድ መልኩ ተቀይሯል፣ ድሮ የምታውቁት ሱቅ ፈርሶ ሊሆን ይችላል። የግቢውን ጥበቃ ወይም የቤቱን ሰው «ለዴሊቨሪ ምን ብላችሁ ነው የምትነግሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ማስታወሻ እንዲህ ያለ ነው፦ «ከአስፋልቱ በፋርማሲው በኩል ወደ ውስጥ፣ ሁለተኛው ቅያስ ላይ ወደ ግራ፣ አረንጓዴ የብረት በር። ውሻ ስላለ አታንኳኳ፣ ደውልልኝ እወጣለሁ።»

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱን፣ ብሎኩን፣ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን አንዱንም ሳታስቀሩ ጻፉ። ከአሜሪካ የመጣችሁ ደግሞ ፎቅ አቆጣጠር ላይ ተጠንቀቁ፤ እናንተ አንደኛ ፎቅ የምትሉት እዚህ ግራውንድ ነው፣ አንደኛ የሚባለው ከሱ በላይ ያለው ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ ይህ ስህተት ልጁን አንድ ፎቅ በከንቱ ያስወጣዋል። እኔ የምመክረው ግን ወርዳችሁ እንድትቀበሉ ነው። ልጁ ደረጃ በወጣ ቁጥር ሳይክሉን፣ አንዳንዴም የሌላ ደንበኛ ምግብ ያለበትን ሳጥን ታች ያለ ጠባቂ ትቶ ነው የሚወጣው። አንድ ነገር ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ርቀትንም አስቡበት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ካደረገች ወዲህ ብዙ ምግብ በሳይክልና በኤሌክትሪክ ሳይክል ይመላለሳል። ከቦሌ ሽሮሜዳ ድረስ ደግሞ መንገዱ በአብዛኛው ዳገት ነው። ብዙዎቹ የሚያገኙት ባደረሱት ልክ ስለሆነ፣ አንድ ረጅም ጉዞ የሁለት አጭር ጉዞ ገቢ ይበላባቸዋል። ለምሳ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቢሮው ሁሉ ያዛል፤ 5 ተኩል ላይ ያዘዘ ሰው ቶሎ ይደርሰዋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ፣ በኅዳር የታላቁ ሩጫ ዕለት፣ በመስቀልና በጥምቀት መንገድ ይዘጋል። በእነዚያ ቀናት ከቅርብ ምግብ ቤት እዘዙ፣ መዘግየቱንም ታገሱ። ሰዓት በስልክ ስትነጋገሩም «ከምሽቱ 1 ሰዓት» እያላችሁ ግለጹ። «በ7 ሰዓት» ካላችሁት የሚገባው የቀኑ 7 ነው።

ሜኑው ሁሌ እውነቱን አይናገርም። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ክትፎና ጥብስ አፑ ላይ እየታየ ምግብ ቤቱ ግን ላይሠራው ይችላል። «ከሌለ በየአይነቱ ይሁን» ብላችሁ ከወዲሁ ብትጽፉ ልጁ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቆሞ የእናንተን መልስ አይጠብቅም። ሽሮ ስታዙም «የጾም» የሚለውን ጨምሩ፤ በቅቤ ተሠርቶ ሊመጣ ይችላል። ተጋቢኖና ሸክላ ጥብስ ትኩስነታቸው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሄዶ መብላት ይሻላል። ፍርፍር ይርሳል። በየአይነቱ ግን «ወጡ ለብቻ፣ እንጀራው ለብቻ» ከተባለ ደህና ይደርሳል።

በውጭ ባንክ ካርድ ለመክፈል አትተማመኑ፤ ቴሌብር (የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ) ወይም ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ትልቁ ኖት 200 ብር ነው፣ ዝርዝር ግን ልጁ እጅ ላይ ላይኖር ይችላል። ሒሳቡ 870 ከሆነ 900 ሰጥታችሁ መልሱን ተዉለት፤ ወይም 50ና 10 ብሮች አዘጋጁ። በቴሌብር ከላካችሁ መልእክቱ ልጁ ስልክ ላይ እስኪገባ ድረስ አብራችሁ ቁሙ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ የእናንተ ስልክ «ተልኳል» ብሎ የእሱ ዝም ሊል ይችላል፣ ሳይደርሰው ከሄደ ደግሞ ጉድለቱ ከኪሱ ሊወጣ ነው። ለቲፕ ለአጭር መንገድ ከ50 እስከ 100 ብር፣ ለዝናብና ለደረጃ ከዚያ በላይ ተገቢ ይመስለኛል። የአንድ ዶላር ኖት አትስጡት፤ ለመመንዘር ሲል ብቻ ጊዜውን ያጠፋል።

መንገድ ላይ ሳለ ደጋግማችሁ አትደውሉ። ለማንሳት ወይ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ወይ እየነዳ ያነሳል፤ ሁለተኛው አደጋ ነው። አንድ ጊዜ «ወንድሜ፣ የት ደረስክ?» ማለት በቂ ነው። መሰረዝ ካለባችሁም ምግብ ቤቱ ደውሎ ከማረጋገጡ በፊት ይሁን። በጥሬ ገንዘብ የታዘዘ ምግብ ከበሰለ በኋላ ሲሰረዝ ኪሳራውን የሚሸከመው ምግብ ቤቱ ወይም ልጁ ነው።

ምግቡን ስትቀበሉ የታሸገውን ከረጢት ልጁ ፊት ከፍታችሁ ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ፎቶ አንሱና ለአፑ የደንበኞች አገልግሎት ደውሉ፤ ድልህ የረሳው ወጥ ቤቱ ነውና ልጁን አትቆጡት። ኮከብ ስትሰጡም ለይታችሁ ስጡ። ወጡ ጨው ከበዛበት የምግብ ቤቱን ቀንሱ፤ በሰዓቱ ላደረሰው ልጅ 5ቱንም ስጡት።